«ጉድጓዱንም ሴፕቲኩንም በአንድ ጥቅል» የሚሏችሁን ተጠንቀቁ

ገጠር መሬት ይዛችሁ ቤት ልትሠሩ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ይህን ሳታነቡ ቀብድ እንዳትከፍሉ። ቧንቧም የፍሳሽ መስመርም በማይደርስበት ቦታ የሁለቱም ጣጣ የራሳችሁ ነው። እኔ የውሃ ጉድጓዱንም ሴፕቲኩንም (የቤቱ ፍሳሽ የሚጠራቀምበትን ታንክ፣ ፍሳሹ ወደ መሬት ከሚሰርግበት ማስረጊያ ጋር) ለአንድ ተቋራጭ በአንድ ውል ሰጠሁ። «አትጨነቅ፣ ሁሉንም ጨርሰን እናስረክብሃለን» ሲለኝ እፎይ አልኩ። ዋጋውም ከሌሎቹ ያነሰ ነበር። ለምን እንዳነሰ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ሰውየው ግቢውን አንዴ ዞር ዞር ብሎ አየና መኪናው እንደልብ የሚገባበት ቦታ ላይ ውሃውን ቆፈረ። ሴፕቲኩን እዚያው አጠገብ፣ ያውም ከውሃ ጉድጓዱ ከፍ ባለው ተዳፋት በኩል አደረገው። ቁፋሮና ቧንቧ ለማሳጠር ነው።

ዝናብ ሲገባ ውሃው መሽተት ጀመረ። ብርጭቆ ውስጥ ኩልል ያለ ነው፤ ወደ አፍንጫ ሲጠጋ ግን የሽንት ቤት ሽታ አለው። ሜትር አውጥቼ ለካሁ። ከፍሳሽ ማስረጊያው እስከ ውሃ ጉድጓዱ 11 ሜትር! በብዙ ቦታ የሚሠራበት ዝቅተኛ ርቀት ከታንኩ 15 ሜትር፣ ፍሳሹ ከሚሰርግበት ደግሞ 30 ሜትር ነው። መሬቱ አሸዋማ ወይም የተሰነጣጠቀ ድንጋይ ከሆነ ፍሳሹ በደንብ ሳይጣራ ስለሚያልፍ ከዚያም በላይ መራቅ ይሻላል። የጎረቤትን ሴፕቲክም አብራችሁ ለኩ።

የባሰው ግን ሌላ ነበር። ከኬሲንጉ (የውሃ ጉድጓዱ ውስጥ ከሚገባው ቧንቧ) ጎን ቀጭን እንጨት ብሰድ እስከ ክንዴ ድረስ ሰተት ብሎ ገባ። በቧንቧውና በተቆፈረው መሬት መካከል ያለው ክፍተት ከላይ በኩል በሲሚንቶ ወይም በቤንቶናይት (ውሃ ሲነካው በሚያብጥ የሸክላ ዓይነት) መታሸግ ነበረበት። የእኔን ግን በአፈር ብቻ ሞልተውት ሄዱ። የግቢው ጎርፍ በዚያ በኩል ቀጥታ ወደ ታች ይወርድ ነበር። ይህ ሥራ ካለቀ በኋላ ስለማይታይ ለመዝለል ይመቻል። ሲታሸግ እዚያው ቁሙ፣ ፎቶም አንሱ።

ናሙናውን ላብራቶሪ ወሰድኩ። ኢ ኮላይ (ከሰገራ የሚመጣ ባክቴሪያ) ተገኘበት፤ በ100 ሚሊ ሊትር የመጠጥ ውሃ ውስጥ አንድም መኖር የለበትም። ናይትሬቱም (ከፍሳሽ ወደ ውሃ የሚገባ ኬሚካል) የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው 50 ሚሊ ግራም በሊትር ወሰን አልፏል። ለተቋራጩ ስነግረው «አፍልታችሁ ጠጡ» አለኝ። ማፍላት ጀርም ይገድላል፤ ናይትሬትን ግን አያጠፋም፣ ውሃው እየተነነ ሲሄድ እንዲያውም መጠኑ ይጨምራል። እንዲህ ባለ ውሃ ወተት የሚበጠበጥለት ጨቅላ ሕፃን ደሙ ኦክስጅን መሸከም ሊያቅተው ይችላል። ይህን በአንድ ቃል ማለፉ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ስለ ውሃው መጠንም ልንገራችሁ። ውሉ ላይ «ውሃ እስኪወጣ» ብቻ ነው የተጻፈው። 40 ደቂቃ ፓምፕ አድርገው ሲንፎለፎል አሳዩኝና ደስ አለኝ። ያ ጉድጓዱ ውስጥ ተጠራቅሞ የቆመው ውሃ ነው። 15 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጉድጓድ በአንድ ሜትር ወደ 18 ሊትር ይይዛል፤ 40 ሜትር ውሃ ከቆመበት 700 ሊትር ገደማ ማለት ነው። መሬቱ በሰዓት ስንት እንደሚመልስ የሚታወቀው ለረጅም ሰዓት፣ ቢቻል 24 ሰዓት፣ ውሃው የት ድረስ እንደወረደ እየተለካ ሲሳብ ነው። ሰዓቱንም ልኬቱንም ውሉ ላይ አስጽፉ።

ሴፕቲኩም ያለ አፈር ምርመራ ነው የተሠራው። ሥራው ቀላል ነበር፦ ማስረጊያው በሚቀመጥበት ቦታ ትንሽ ጉድጓድ ቆፍሮ ውሃ ማጠጣት፣ ከዚያ ውሃው በስንት ደቂቃ ስንት እንደወረደ ማየት። ሸክላ አፈር ቶሎ አይመጥም፣ ፍሳሹ ተመልሶ ግቢ ላይ ይወጣል። ማስረጊያው አንድ ቀን መድፈኑ ስለማይቀር ለሁለተኛ የሚሆን ባዶ ቦታም አስቀሩ። መኪና እንዳይሄድበት።

ውሃውንና ፍሳሹን የቤቱ ፕላን ሳይጠናቀቅ ወረቀት ላይ አስቀምጡ። የመጨረሻውን ክፍያም የላብራቶሪ ውጤት እጃችሁ ሳይገባ አትልቀቁ። እኔ ሙሉውን ከፍዬ ነበር፤ ውጤቱን ከነገርኩት ቀን ወዲህ ሰውየው ስልኬን አያነሳም።