በኮምቦልቻ የከባድ መኪናና የአውቶቡስ ሥልጠና፦ የሐረጎ ቁልቁለት የሌለበት ትምህርት

ኮምቦልቻ ውስጥ ካሉት የአሽከርካሪዎች ማሠልጠኛ ተቋማት በአንዱ እኔ ለደረቅ ጭነት፣ የአክስቴ ልጅ ደግሞ ለሕዝብ ማመላለሻ መንጃ ፈቃድ ሠልጥነናል። የተቋሙን ስም የማልጠራው ከዚህ በታች የማነሣው ጉድለት የእሱ ብቻ ስላልመሰለኝ ነው። ሆኖም ልጃቸውን ወይም ራሳቸውን ለማስመዝገብ ያሰቡ የወሎ ሰዎች ገንዘባቸውን ከመክፈላቸው በፊት ምን እንደሚያገኙና ምን እንደሚቀርባቸው ቢያውቁ ይጠቅማቸዋል።

የክፍል ውስጥ ትምህርቱ ከጠበቅሁት በላይ ነበር። የመንገድ ትራፊክ ደንብ፣ የአሽከርካሪ ሥነ ምግባር፣ የመጀመሪያ ሕክምና ዕርዳታና የተሽከርካሪ ቴክኒክ በየተራ ይሰጣሉ፤ መምህራኑም በሰዓቱ ይገኛሉ። በአዋጅ ቁጥር 1074/2010 መሠረት የሚፈትነውና ፈቃዱን የሚሰጠው አሠልጣኙ ሳይሆን ፈቃድ ሰጪው አካል በመሆኑ፣ አንዳንድ ቦታ እንደሚታየው የፈተና ጥያቄ ብቻ አሸምድዶ መውጣት ይበቃል የሚል መንፈስ በዚህ ተቋም የክፍል ትምህርት ላይ አላየሁም።

ከሁሉ የበለጠው በታመቀ አየር የሚሠራው የአየር ፍሬን ትምህርት ነው። ጋሼ እያልን የምንጠራቸው አንጋፋ መካኒክ ሁላችንንም ከመኪናው ሥር አስገብተው የአየር ታንኩን ማፍሰሻ በየተራ ያስከፍቱን ነበር። ዘይት የተቀላቀለበት ውኃ እየተፈናጠረ ሲወጣ፣ ያ እርጥበት በየጊዜው ካልፈሰሰ ቫልቮቹን እንደሚያበላሽ ያስረዱናል። ቀጥሎም ሞተሩ ጠፍቶ ፔዳሉን ደጋግመን እንድንረግጥና የአየር መለኪያው መርፌ በእያንዳንዱ ርግጫ ሲወርድ በዓይናችን እንድንከታተል ያደርጋሉ። መርፌው ቀዩ መስመር ላይ ደርሶ የማስጠንቀቂያው ድምፅ ሲጮኽ፣ «ይህን እየሰማህ የምትነዳ ከሆነ መኪናውን ሳይሆን ሬሳህን ነው የምትነዳው» ይላሉ። አነጋገራቸው ጠንከር ያለ ቢሆንም ከእርሳቸው ዘንድ የተማረ ሰው ጠዋት አየሩን ሳያይ መኪና ያንቀሳቅሳል ብዬ አልገምትም።

ይህን ያህል የተደከመበት ትምህርት ግን መንገድ ላይ ሲወጣ ይቋረጣል። የልምምድ መኪናው አሮጌ ነው፤ እሱ እንኳ ችግር አልነበረም፤ ችግሩ ሁልጊዜ ባዶውን መነዳቱና ከኮምቦልቻ ሜዳ አለመውጣቱ ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ ርቀት ውስጥ 600 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል፤ የሐረጎም መጠማዘዣዎች ያሉት በዚሁ መንገድ ላይ ነው። ከዚህ ተቋም የሚወጣ አሽከርካሪ በመጀመሪያው የሥራ ሳምንቱ ብረት ወይም ሲሚንቶ ጭኖ ሊወርድ የሚችለው በዚያ ነው። በክረምት ጉሙ ሲወርድ ደግሞ ቀጣዩ መታጠፊያ አይታይም።

ቁልቁለት በቃል የሚማሩት ነገር አይደለም። የተጫነ መኪና በፍሬን ብቻ ሲወርድ የፍሬኑ ሸራና ሸራው እየተጫነ የሚያቆመው፣ ከጎማው ጋር የሚዞረው ታምቡር እየጋሉ ይሄዳሉ፤ ታምቡሩ በሙቀት ይሰፋል፣ የሸራውም የመያዝ ኃይል ይቀንሳል። በዚህ ጊዜ የአየር መለኪያው ሙሉ ሆኖ ሳለ መኪናው አልቆም ሊል ይችላል። ስለዚህ ከላይ ያደነቅሁት የመርፌው ትምህርት ብቻውን ሠልጣኙን አያድነውም። መፍትሔው መጠማዘዣው ሳይጀምር ወደ ከባድ (ዝቅተኛ) ማርሽ አውርዶ ሞተሩ መኪናውን እንዲይዘው ማድረግና ፍሬንን ለማገዣ ብቻ መጠቀም ነው። ጋሼ ራሳቸው «ዳገቱን በምትወጣበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረደው» ይሉናል፤ ነገር ግን የምንወርደው ቁልቁለት አልነበረም። ማርሹ በጊዜው ሳይገባ ቀርቶ መኪናው በባዶ ማርሽ ሲለቀቅ የሚሰማውን ስሜት አሠልጣኝ ከጎኑ ተቀምጦ ያላየ ሰው ብቻውን ሲያገኘው ምን እንደሚያደርግ መገመት አያዳግትም።

ሌላው ቅሬታዬ የሰዓት ካርዱ ነው። አራት ሠልጣኞች በአንድ መኪና ወጥተን አንዱ ሲነዳ ሦስታችን እየተመለከትን ብንቆይም ሰዓቱ በአራታችንም ካርድ ላይ እንደ ሙሉ የመንዳት ሰዓት ይፈረማል። የአውሮፓ ኅብረት ለጭነትና ለአውቶቡስ ሙያ አሽከርካሪዎች መሠረታዊ ሥልጠና 280 ሰዓት፣ በተፋጠነው መንገድ ደግሞ 140 ሰዓት ይጠይቃል። በአሜሪካ በአንጻሩ እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 7 ቀን 2022 ጀምሮ በሚሠራበት ደንብ የፌዴራሉ መንግሥት የመንዳት ሰዓት ቁጥር አይወስንም፤ አሠልጣኙ ግን ሠልጣኙ እያንዳንዱን ተግባር በብቃት መፈጸሙን ራሱ አይቶ ማረጋገጥ አለበት፣ በክፍል ትምህርቱም ፈተና ቢያንስ 80 በመቶ ማምጣት ግዴታ ነው። በሰዓትም ይቆጠር በብቃት፣ በሁለቱም መንገድ የሚፈለገው ሠልጣኙ በእርግጥ መንዳቱ ነው። ዋንዛ ሥር ተቀምጦ ተራ የጠበቀ ሰው ካርድ ላይ የሚያርፍ ፊርማ ለየትኛውም አይሆንም።

የተሳቢ ልምምዱ ግቢ ውስጥ ኋላ ማርሽ በማስገባት የተወሰነ ነው። ተሳቢውን ወደ ቀኝ ለመላክ መሪውን በመጀመሪያ ወደ ግራ ማዞር እንደሚያስፈልግ እጃችን እስኪለምደው ድረስ አስተካክለው አስተምረውናል።

በአውቶቡሱ በኩል የአክስቴ ልጅ በቡድኗ ብቸኛዋ ሴት ነበረች፤ አሠልጣኞቹም ሆኑ ሌሎቹ ሠልጣኞች በአክብሮት ይዘዋታል። ሆኖም የነጂው መቀመጫ ወደ ፊት አልሳብ ስላለ ከቤቷ ትራስ ይዛ ትሄድ ነበር፤ ጥገናውም ሥልጠናዋ እስኪያልቅ አልተደረገም። ስፖኪዮ አጠቃቀምንና በር ሳይዘጋ አለመነሣትን በሚገባ ተምራለች። ነገር ግን ተሳፋሪው ሞልቶ ጣሪያው ላይ ዕቃ ሲጫን አውቶቡሱ በመታጠፊያ ምን ያህል እንደሚያጋድል አላየችም፤ ቢያንስ የአሸዋ ከረጢት ተጭኖ ሊታይ ይችል ነበር።

የትምህርቱን ክፍያ በሁለት ጊዜ ከፍሎ መጨረስ ይቻላል፣ ደረሰኝም ይሰጣሉ። ለነዳጅ እየተባለ ተጨማሪ ገንዘብ የጠየቀን ሰው የለም፤ ይህን ከሌሎች ተቋማት የሠለጠኑ ጓደኞቼ ሲሰሙ ገርሟቸዋል። በእኔ ግምት ቀድሞ ረዳት ሆኖ የሠራና ቁልቁለት የሚያውቅ ሰው የጎደለውን የቴክኒክ ዕውቀት ከዚህ ተቋም ያገኛል። ከባድ መኪና ውስጥ ተቀምጦ የማያውቅ ሠልጣኝ ግን ከመመዝገቡ በፊት መኪናው ተጭኖ ወደ ደሴ የሚወጣበት ቀን እንዳለና ካርዱ ላይ የሚፈረመው እሱ ራሱ የነዳበት ሰዓት ብቻ መሆኑን በግልጽ ይጠይቅ። ምዝገባው የሚካሄደው ጠዋት ነው፤ ዓርብ ዕለት ከጁምዓ ሶላት በፊት መድረስ ይሻላል፣ ከሰዓት በኋላ ቢሮው ውስጥ ሰው አይገኝም።