የእናቴን ምድጃ ከነጭሱ ላሻገረችልኝ እህት

ሐሙስ ዕለት የማስተርስ ጥናቴን አስገባሁ። ከቢሮው እንደወጣሁ መጀመሪያ የደወልኩት ለእናቴ ነው። ቀጥሎ የደወልኩት ከሦስት ወር በፊት ለማላውቃት ሴት ነው። የምድጃ ስሌቴን ከአንድ የኮምፒውተር ፕሮግራም ወደ ሌላ ያሻገረችልኝ እሷ ናት። ይህ ጽሁፍ ለእሷ ነው። ስሜን እንዳትጽፍ ብላኛለች፣ ቃሌን አከብራለሁ። ሥራዋን ግን ዝም ብዬ ባልፍ ህሊናዬ እሺ አይለኝም።

ጥናቴ ስለ ምርጥ ምድጃ ነው። ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። በሲሚንቶ የሚሠራ፣ ምጣዱን ዙሪያውን ከልሎ የሚይዝ፣ ጭሱ በኋላ በኩል ሲወጣ ድስት የሚያሞቅ የእንጀራ ምድጃ ነው። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲተያይ ማገዶን በግማሽ ያህል ይቆጥባል ይባልለታል። እናቴ ደብረ ብርሃን ላይ እንጀራ ጋግራ እየሸጠች ነው ያሳደገችኝ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ዓይኗ ሁልጊዜ ቀልቶ ነበር የማገኛት። ያለቀሰች እየመሰለኝ እደነግጥ ነበር። ጭሱ ነው። ስለዚህ ርዕስ ምረጥ ስባል ብዙ አላሰብኩም። አየሩ ወደ እሳቱ እንዴት እንደሚገባ፣ ጭሱ ውስጥ ለውስጥ እንዴት እንደሚዞርና እንደሚወጣ በኮምፒውተር አሰላለሁ አልኩ። ቀዳዳው ትንሽ ቢቀየር ጭሱ የጋጋሪዋን ፊት ይተው ይሆን? ጥያቄዬ ይሄው ነው።

ለማያውቀው ሰው ባጭሩ ላስረዳ። ምድጃው ውስጥ ያለው ባዶ ቦታ እጅግ ብዙ ጥቃቅን ክፍሎች ይሆናል። መሽ የሚባለው እሱ ነው። ፕሮግራሙ በእያንዳንዷ ክፍል ውስጥ ያለውን የአየር ፍጥነት፣ ግፊትና ሙቀት ያሰላል። እኔ መሹን አዘጋጅቼ የመጀመሪያውን ስሌት የጨረስኩት አንሲስ ፍሉዌንት በሚባል ፕሮግራም ነው። መሹ ብቻ ሁለት ወር ፈጅቶብኛል። ስሌቱ ደግሞ ዘጠኝ ቀንና ሌሊት ሮጧል፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ካቆመበት እየተቀጠለ።

ከዚያ የላብራቶሪው ላይሰንስ፣ ማለትም ፍሉዌንትን የመጠቀሚያ ፈቃዱ፣ ጊዜው አለቀ። መቼ እንደሚታደስ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ለተማሪ በነጻ የሚሰጠው እትም የክፍል ብዛት ገደብ አለው፣ የእኔ መሽ ከገደቡ ያልፋል። አማካሪዬ «ወደ ኦፕንፎም አዛውረው» አሉኝ። ኦፕንፎም ተመሳሳይ ስሌት የሚሠራ ሌላ ፕሮግራም ነው። ነጻ ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ኮዱ ለሁሉም ክፍት ሆኗል። ማዛወር ማለት ፋይሉን ከአንዱ ወስዶ በሌላው መክፈት መስሎኝ ነበር። አይደለም ወገኖቼ። አይደለም።

አንድ ቦታ ሄድኩ። ቦታውን አልጠራም። «ቀላል ነው፣ በሦስት ቀን ጨርሰን እንሰጥሃለን» አሉኝ፣ ቀብድም ተቀበሉ። ሦስቱ ቀን ሦስት ሳምንት ሆነ። ነገ ና፣ ከሰዓት ና፣ ሰውዬው ወጥቷል። የታክሲው ብር ራሱ አስመረረኝ። በመጨረሻ አንድ ፍላሽ ሰጡኝ። ስከፍተው ምድጃው አለ፣ ቀለሙም ያምራል። ደስ ብሎኝ ስሌቱን አስጀመርኩ። ቁጥሮቹ ግን እብድ ሆኑ። አማካሪዬ ስክሪኑን ትንሽ አዩና «ጭሱ የታለ የሚወጣው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ተመልሼ ስጠይቅ «እኛ ከፍተን አሳይተንሃል፣ ከዚህ በኋላ ያንተ ጉዳይ ነው» ተባልኩ። ሌላ ሰው በቴሌግራም አገኘሁ። ብሩን ከላክሁ በኋላ ብሎክ አደረገኝ። ሦስተኛው ሰው እንኳ ገንዘብ አልወሰደም፣ ፋይሉን ሳያየው ነው «ጣለውና እንደ አዲስ ሥራው» ያለኝ። የሁለት ወር ሥራ። ያን ቀን ከአራት ኪሎ እስከ መገናኛ በእግሬ ነው የሄድኩት። ለእናቴ ምን ብዬ እንደምነግራት እያሰብኩ።

ይህችን ሴት የጠቆመኝ የክፍል ጓደኛዬ ነው። ቢሮዋ ጠባብ ናት፣ ሁለት ወንበርና አንድ ትልቅ ኮምፒውተር። ላፕቶፔን ላወጣ ስል «ቆይ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ሻይ ጠጣ» አለችኝ። ከዚያ ወረቀት አወጣችና ጠየቀችኝ። ምጣዱ ስንት ነው? 58 ሴንቲ። አየር የሚገባው በየት በኩል ነው? ጭስ የሚወጣውስ? በእርሳስ ሳለችው። ከእነዚያ ሁሉ ሰዎች ውስጥ ስለምድጃው ራሱ የጠየቀኝ አልነበረም።

ያንን የተበላሸ ፋይል ከፈተችና ከወረቀቱ ጋር አስተያየችው። አንድ ትእዛዝ ጻፈች፣ ቁጥሮች ወረዱ። በጣቷ አንዱን ቁጥር ነካችና ወደ እኔ ዞረች። «ይሄውልህ፣ ምጣድህ 580 ሜትር ሆኗል።» በሚሊሜትር የተጻፈው ቁጥር እንደ ሜትር ተነቧል። አንድ ሺህ እጥፍ! ደግሞ ወረድ አለችና ሌላውን አሳየችኝ። ለመግቢያውና ለመውጫው የሰጠኋቸው ስሞች መንገድ ላይ ጠፍተዋል። ፕሮግራሙ ሁሉንም ግድግዳ አድርጎ ነው የያዘው። ምድጃው ከፊትም ከኋላም ተደፍኗል ማለት ነው። ጭሱ የት ይውጣ? አንድ ወር ያመመኝን ነገር በሃያ ደቂቃ አሳየችኝ። እዚያው ወንበሩ ላይ እንባዬ መጣ።

አላፈረችብኝም። እ.ኤ.አ. በ1999 የናሳ መንኮራኩር ማርስ ጋ ደርሶ የጠፋው ኃይልን አንደኛው ቡድን በፓውንድ፣ ሌላኛው በኒውተን ስላሰሉ መሆኑን ነገረችኝ። «ትልልቆቹም ላይ ደርሷል፣ አንተ ገና ተማሪ ነህ» አለችኝ። ፕሮግራሞቹ እያንዳንዳቸው የራሳቸው አጻጻፍ ስላላቸው ናሳና ቦይንግ እ.ኤ.አ. በ1994 ሲጂኤንኤስ የሚባል የጋራ የፋይል ዓይነት ማዘጋጀት እንደጀመሩም አስረዳችኝ። እሱም ቢሆን ሁሉም ፕሮግራም ሁሉንም ነገር ከውስጡ አያነብም አለችኝ። ከዚያ በኋላ ያለችውን አልደበቅም፣ አልገባኝም።

«ዋናውን ፋይል አምጣልኝ፣ እነሱ የነኩትን አልፈልግም» አለችኝ። አመጣሁ። ሌላ ችግር። የእኔ ፋይል የተቀመጠው በባይነሪ፣ ማለትም ሰው እንደ ጽሁፍ በማያነበው መልክ ነው፣ የኦፕንፎሙ መቀየሪያ የሚያነበው ደግሞ በጽሁፍ መልክ የተቀመጠውን ብቻ ነው። በጽሁፍ ለማስቀመጥ መልሶ ፍሉዌንት ያስፈልጋል። አለቀልኝ አልኩ። እሷ ግን ስልኳን አነሳች። ጀርመን የሚማር የድሮ ተማሪዋ ጋ ደወለችና «አንድ ልጅ ተቸግሮብኛል» አለችው። ያ ልጅ አያውቀኝም። በማግስቱ ሌሊት በዩኒቨርሲቲው ኮምፒውተር ላይ ከፍቶ መሹን በጽሁፍ አስቀመጠልን፣ የፍሰቱንም ዳታ ነጥብ በነጥብ አውጥቶ ላከልን። ፋይሉ ከባድ ስለነበር ኔትወርኩ ሦስት ጊዜ ተቋረጠ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ «ገባ፣ አሁን ተኛ» የሚል መልእክት ከእሷ ደረሰኝ። እስከዚያ ሰዓት ቁጭ ብላ ነበር ማለት ነው። ለእኔ ብላ! ወንድሜ፣ ጀርመን ያለኸው፣ ይህን ካነበብክ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ከሁሉ በላይ የነካኝ ግን ቀጥሎ ያለው ነው። መሹ ገባ፣ ስሞቹ በቦታቸው ናቸው፣ ምጣዱ 58 ሴንቲ ሆኗል። ብሩን አውጥቼ ዘረጋሁላት። እጄን መለሰችው። «ሂሳቡ ሳይገጥም አልቀበልም» አለች። እንደ ባለሱቅ ቁጭ ብላ በየሰከንዱ ስንት አየር እንደገባ፣ ስንት እንደወጣ በድሮው ፕሮግራምና በአዲሱ ጎን ለጎን ጻፈች። የመጀመሪያው ቀን አልገጠመም። በማግስቱም ትንሽ ጎደለ። ሦስተኛው ቀን ገጠመ። ፍጥነቱና ሙቀቱ እንደተሻገሩ፣ ከግርግርታው፣ ማለትም ከአየሩ መተራመስ፣ ስሌት ግን አንዱ ክፍል እንዳልተሻገረ በግልጽ ነገረችኝ። «እሱን አዲሱ ፕሮግራም ራሱ እንደገና ይፈልገው፣ ተሻግሯል ብዬ አልዋሽህም» አለችኝ። ይህንንም በወረቀት ጽፋ ሰጠችኝ፣ ጥናቱ ውስጥ እንዳስገባው። አማካሪዬ ያንን ወረቀት ሲያዩ «ማነች ይቺ?» ነው ያሉት። የተሻገረው ዳታ መነሻ ስለሆነ ስሌቱ ከዜሮ አልጀመረም። ዘጠኝ ቀን ሳይሆን በሁለት ቀን ተረጋጋ።

የጠየቀችኝ ክፍያ መጀመሪያ ቦታ ከከፈልኩት ቀብድ ያንሳል።

ባለፈው እሁድ ደብረ ብርሃን ወርጄ ቪዲዮውን ለእናቴ አሳየኋት። ጭሱ በሰማያዊ መስመር ከምጣዱ ሥር ዞሮ በኋላ በኩል ይወጣል። አንድ ቦታ ላይ ግን ወደ ፊት ተመልሶ በማገዶው አፍ ይወጣል። እናቴ ጣቷን እዚያው ላይ አደረገችና «እዚህ ጋ ነው ዓይኔን የሚለበልበኝ» አለች። የወራት ስሌት ያሳየኝን እሷ በዓይኗ ታውቀው ነበር። ታሪኩን ስነግራት ለዚያች ሴት ድርቆሽ ቋጠረችላት፣ ሰኞ ዕለት አደረስኩላት።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ የግድብ ውሃም ይሁን የንፋስ ተርባይን፣ የፓምፕም ይሁን የምድጃ፣ ከአንድ ፕሮግራም ወደ ሌላ የምታሻግሩት መሽና ዳታ ካላችሁ እባካችሁ እሷ ጋ ሂዱ። እደግመዋለሁ፣ እሷ ጋ ሂዱ። ብራችሁንም ዕንባችሁንም በየቦታው አትጨርሱ። አድራሻዋን በአደባባይ አልጽፍም፣ ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ እሷን አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። ስትሄዱ ዋናውን ፋይል ያዙ፣ ሌላ ሰው የቀየረውን አይደለም። ላይሰንሳችሁ ገና ካላለቀ ዛሬውኑ በጽሁፍ መልክም አንድ ቅጂ አስቀምጡ። የሠራችሁትን ነገር ልኬት በወረቀት ጻፉና ያዙ፣ መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ እሱን ነው።