ቪም ከ8 ወር በኋላ፦ መብራት ሄደ፣ ኮዴ ግን ቀረልኝ

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው፣ መብራት እንደፈለገ ይሄዳል ይመጣል። የላፕቶፔ ባትሪ ደግሞ ከሞተ ቆይቷል፣ መብራት ጠፋ ማለት በዛችው ሰከንድ ድርግም ነው። ይሄን ያስቀደምኩት ቪምን (ኮድ የምጽፍበትን ኤዲተር) ለምን እንደማልለቀው እንዲገባችሁ ነው።

ለኮምፓይለር ኮርስ ፓርሰር (ኮድ አንብቦ የሚተነትን ፕሮግራም) እየጻፍኩ ነበር፣ ማስረከቢያው በነጋታው ነው፣ ከእራት በኋላ 2 ሰዓት ሙሉ ስጽፍ አንዴም ሴቭ አላደረግኩም። ማታ 4 ሰዓት ላይ ድርግም አለ። ብሎኩ በሙሉ ጨለመ፣ ከላይ ፎቅ ልጆች «ሄደ!» ብለው ጮሁ፣ እኔ እጄ ኪቦርዱ ላይ እንዳለ ደርቄ ቀረሁ። እንቅልፍ የሚባል ነገር በዓይኔ አልዞረም። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ፍሪጁ ማጉረምረም ሲጀምር ነው መብራት መምጣቱን ያወቅኩት፣ ተነስቼ ላፕቶፑን ከፈትኩና ፋይሉን ስጠራው ቪም «አቴንሽን» ብሎ ስዋፕ ፋይል አግኝቻለሁ አለኝ፣ ከስር ምርጫ ደረደረልኝ፣ ለሪከቨር (የጠፋውን ለመመለስ) አር የምትለዋን ተጫንኩ። ሁሉም አለ! ከመጨረሻዋ ፈንክሽን ግማሽ መስመር ብቻ ነው የጎደለው። በደስታ እማዬን ልቀሰቅሳት ምንም አልቀረኝም።

እንዴት መሰላችሁ፣ ሴቭ ባታደርጉም ቪም ከፋይሉ ጎን ስዋፕ የሚባል፣ ስሙ በነጥብ የሚጀምር ድብቅ ፋይል ይይዛል፣ 200 ካራክተር በጻፋችሁ ቁጥር ወይ እጃችሁን ለ4 ሰከንድ ስታሳርፉ የጻፋችሁትን እዛ ያስቀምጣል። ከሪከቨር በኋላ ግን ሴቭ አድርጉና ድብቁን ፋይል አጥፉት፣ አለዚያ በከፈታችሁት ቁጥር ያው ማስጠንቀቂያ ይመጣል።

ላፕቶፑን የሸጠልኝ ልጅ «ነጻ ሶፍትዌር ለመለማመጃ ነው፣ ክራክ የተደረገ ምርጥ ኤዲተር ልጫንልህ» ብሎኝ ነበር። ወንድሜ፣ ያ የጫንክልኝ ነገር እኮ ሳምንት ሳይሞላው ማሽኑን በቫይረስ ሞላው! ነጻ ስለሆነ አይረባም የሚል ሰው መጥቶ ያቺን ሌሊት ያስረዳኝ። ቪምን እ.ኤ.አ. በ1991 ለሕዝብ የለቀቀው ብራም ሞሌናር የሚባል ሆላንዳዊ ነው፣ ለመጠቀም ክፈሉኝ አላለም፣ ባዶውን ስትከፍቱት የኡጋንዳ ድሃ ልጆችን እርዱ የሚል ጽሑፍ ነው የሚያሳያችሁ። በ2023 አረፈ፣ ነፍሱን ይማረው፣ ያቺን ጽሑፍ ባየሁ ቁጥር አመሰግነዋለሁ።

የክላስ ልጆች «ቪም የገባ አይወጣም» እያሉ ይስቃሉ፣ ቀልዱ ደስ ይላል ግን ለመውጣት ኤስኬፕ፣ ኮሎን፣ ኪው፣ ቃለ አጋኖ፣ ኢንተር ነው በቃ (ሴቭ ያላደረጋችሁትን እንደሚጥለው እወቁ)። እኔ የምወዳት ሌላ አለች፦ ኮሎን ብላችሁ ሄልፕ ጻፉና ቃለ አጋኖ ጨምሩበት፣ ኢንተር ስትሉ «ዶንት ፓኒክ» ይላችኋል። ያን ማታ ጨለማ ውስጥ ተቀምጬ ይሄን የሚለኝ ሰው ነበር የሚያስፈልገኝ።

የሚያናድደኝ አማርኛ ስጽፍበት ነው፣ ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ ካልመለስኩ ትእዛዝ አይቀበለኝም፣ በየደቂቃው መቀያየር እጅ እጅ ይላል። እሱን ችዬዋለሁ። አሁን ለአዲስ ባትሪ ብር እያጠራቀምኩ ነው፣ ባትሪው ቢገባም ቪምን አልቀይርም።