ከመግዛታችሁ በፊት፦ የተቆለፈ ፋይል፣ ያልተቆለፈ ፋይል ወይስ ዲስክ?

ከዓመታት በፊት ከአንድ የኢንተርኔት መጽሐፍ መሸጫ ሠላሳ የሚጠጉ ኢ-መጻሕፍት ገዝቼ ነበር። ማንበቢያዬ ሲበላሽ የሌላ ድርጅት ማንበቢያ ገዛሁ። አንዱም መጽሐፍ አልከፈት አለኝ። ገንዘቡን ከፍያለሁ፣ ፋይሎቹም እጄ ላይ ናቸው፤ ቁልፉ ግን ሻጩ ዘንድ ነው። ከሁሉም በላይ የቆጨኝ በየገጹ ዳር የጻፍኳቸው ማስታወሻዎች አብረው መቅረታቸው ነው። ከዚያ ወዲህ ዋጋ ከማየቴ በፊት አንድ ነገር እጠይቃለሁ፦ ሻጩ ነገ ቢዘጋ ይህ ነገር ይከፈትልኛል?

መልሱን የሚወስነው ዲአርኤም የሚባለው ዲጂታል ቁልፍ ነው። ቁልፉ ፋይሉን ከአንድ አካውንት፣ ከአንድ አፕ ወይም ከተወሰኑ መሣሪያዎች ጋር ያስረዋል። ስለዚህ ሁለት ሱቆች አንድን መጽሐፍ በእኩል ዋጋ ቢሸጡም የሚሸጡት ነገር አንድ ላይሆን ይችላል። አንዱ ፋይሉን ይሰጣችኋል፣ ሌላው የማንበብ ፍቃድ ብቻ።

መብቱ አለ፣ በሩ ግን ተቆልፏል

የአሜሪካን ሕግ ለምሳሌ እንውሰድ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። የ1976ቱ የቅጂ መብት ሕግ ለትችት፣ ለማስተማር፣ ለምርምርና ለመሳሰሉት ከአንድ ሥራ ያለ ፍቃድ መጠቀም የሚቻልበትን ፍትሃዊ አጠቃቀም ያውቃል። በ1984 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ቤት ውስጥ ቀድቶ በኋላ ማየት ፍትሃዊ ነው ሲል 5 ለ 4 ወሰነ። እስከዚህ ድረስ ለገዢው ደግ ነው።

በ1998 የወጣው ዲኤምሲኤ የተባለው ሕግ ግን ነገሩን ቀየረው። ቁልፉን መስበር ራሱን የቻለ ጥፋት ሆነ። የገዛችሁትን የዲቪዲ ፊልም ለራሳችሁ ወደ ኮምፒውተር ለመገልበጥ ቁልፉን ብትሰብሩ፣ ያንን ፊልም ለማንም ባታካፍሉም ከሕጉ ጋር ትጋጫላችሁ። በየሦስት ዓመቱ የኮንግረሱ ቤተ መጻሕፍት ጥቂት ልዩ ፍቃዶችን ይሰጣል። ለምሳሌ ዓይነ ስውራን ኢ-መጽሐፍን በድምፅ ማንበቢያ ለመጠቀም ቁልፉን ማለፍ ተፈቅዶላቸዋል። አንድ ሰው የገዛውን መጽሐፍ ለማንበብ በየሦስት ዓመቱ የሚታደስ ፍቃድ መጠበቁ እኔን ያሳዝነኛል። የአውሮፓ ኅብረትም በ2001 ባወጣው መመሪያ እነዚህን ቁልፎች በሕግ ከልሏል።

መልሶ መሸጥስ? የወረቀት መጽሐፍ አንብባችሁ ስትጨርሱ ትሸጣላችሁ፣ ታውሳላችሁ። በዲጂታል ግን የአውሮፓ ፍርድ ቤት በ2012 ዘላቂ ፍቃድ ያለው ሶፍትዌር መልሶ ሊሸጥ ይችላል ቢልም፣ በ2019 ኢ-መጽሐፍን ከዚህ አስቀርቶታል። ስለዚህ ሁለት ቅጂዎችን ስታወዳድሩ የወረቀቱ ዋጋ ውስጥ ይህ መብት እንዳለበት ቁጠሩት።

ኢ-መጽሐፍ፦ በጣም መጠንቀቅ ያለባችሁ እዚህ ነው

የአማዞን የኢ-መጽሐፍ ሱቅና ማንበቢያ የሆነው ኪንድል ምርጫው ሰፊ ነው፣ አጠቃቀሙም ቀላል ነው። ግን ከአማዞን መሣሪያና አፕ ጋር ያስራችኋል። በ2009 አማዞን ለመሸጥ መብት ያልነበረው አቅራቢ ያስገባቸውን መጻሕፍት ከገዢዎች መሣሪያ ላይ ከርቀት አጥፍቶ ነበር። ገንዘብ መለሰ፣ ይቅርታም ጠየቀ። ይሁን እንጂ ከመደርደሪያችን ላይ ማንሳት እንደሚቻል ያን ቀን አየን። በየካቲት 2025 ደግሞ የገዛችሁትን መጽሐፍ በኮምፒውተር አውርዳችሁ በዩኤስቢ የምታስገቡበት መንገድ ተዘጋ። ለእኔ ይህ ትልቅ ለውጥ ነው፤ ቅጂ ለማስቀመጥ ስጠቀምበት የነበረው እሱን ነው።

ሌላው የኢ-መጽሐፍ ሱቅ ኮቦ በዚህ በኩል ይሻላል። ብዙዎቹ መጻሕፍቱ አዶቢ በተባለው የሶፍትዌር ድርጅት ቁልፍ የተቆለፉ ኢፐብ ፋይሎች ናቸው፤ ኢፐብ ብዙ ማንበቢያዎች የሚከፍቱት የኢ-መጽሐፍ ፋይል ዓይነት ነው። ይህ ቁልፍ በሌሎች ድርጅቶች ማንበቢያዎችም ላይ ይከፈታል። ዋናው ጥቅሙ ደግሞ ከመግዛታችሁ በፊት የመጽሐፉ ገጽ ላይ ቁልፍ እንዳለው ወይም እንደሌለው መጻፉ ነው። ይህችን መስመር ሳታዩ አትክፈሉ።

ከሁለቱም የሚበልጠው ያልተቆለፈ ኢፐብ ነው። መቆለፍ አለመቆለፉን ብዙ ጊዜ የሚወስነው አሳታሚው እንጂ ሱቁ አይደለም። የሳይንስ ልብ ወለድ አሳታሚው ቶር በ2012 ከኢ-መጻሕፍቱ ላይ ቁልፉን አንስቷል። እንዲህ ያለ አሳታሚ ካገኛችሁ ከየትኛውም ሱቅ ብትገዙ ብዙ አያሳስብም። አንዳንድ ሻጮች በቁልፍ ፋንታ የገዢውን ስም ፋይሉ ውስጥ ያትማሉ። ይህ ተገቢ ይመስለኛል፤ አንባቢውን አያስርም፣ ፋይሉን በየቦታው የሚበትነውን ግን ያጋልጣል። ያልተቆለፈ ማለት ለሁሉም አድሉት ማለት አይደለም። የደራሲው መብት እንዳለ ነው።

ትልቅ ድርጅት አይዘጋም ብላችሁ ደግሞ አትመኑ። ማይክሮሶፍት በ2019 የኢ-መጽሐፍ ሱቁን ሲዘጋ የተሸጡት መጻሕፍት በሙሉ መከፈት አቆሙ። ገንዘቡን መልሷል። ማስታወሻ ለጻፉት ደግሞ 25 ዶላር ጨምሯል። የእኔ ሻጭ ያን ያህል እንኳ አላሰበልኝም።

ሙዚቃ

እዚህ ብዙ አንጨነቅ። የአፕል ሙዚቃ መሸጫ አይቲዩንስ በ2009 ከሚሸጠው ሙዚቃ ላይ ቁልፉን አነሳ። ባንድካምፕ የተባለው የሙዚቃ ሱቅም ኤምፒ3 እና ፍላክ የሚባሉ የድምፅ ፋይሎችን ያለ ቁልፍ ይሰጣል። የተቆለፈ ዘፈን የሚሸጥላችሁ ካለ እለፉት። ስፖቲፋይ ላይ ዳውንሎድ ያደረጋችሁት ግን ግዢ አይደለም። ቢያንስ በ30 ቀን አንዴ ኢንተርኔት ካልነካ መጫወት ያቆማል። ለመስማት ያህል ከሆነ ምንም አይደል፤ ኪራይ መሆኑን ማወቅ ብቻ ነው።

ጌም

ከሁለቱ የኮምፒውተር ጌም ሱቆች የቱ ይሻላል፣ ስቲም ወይስ ጎግ? ስቲም ላይ የማይገኝ ጌም የለም ማለት ይቀላል። ጎግ ከ2008 ጀምሮ ያለ ቁልፍ ይሸጣል፣ መጫኛ ፋይሉንም አውርዳችሁ ታስቀምጣላችሁ። አንድ ጌም ሁለቱም ጋ ካለ ትንሽ ቢወደድም ጎግን እመርጣለሁ። ስቲም ላይ የምትገዙ ከሆነ ግን ገጹ በቀኝ በኩል እንደ ዴኑቮ ያለ ተጨማሪ ቁልፍ መኖሩን ስለሚጽፍ እሱን እዩ።

ጌም ላይ ዲስክ ሁልጊዜ አያድንም። ዩቢሶፍት ዘ ክሩ የተባለውን የመኪና ጌም ሰርቨር በመጋቢት 2024 ሲዘጋ፣ ዲስኩን የገዙትም ብቻቸውን እንኳ መጫወት አልቻሉም። ከጥር 2025 ጀምሮ የካሊፎርኒያ ሕግ ፍቃድ ብቻ የሚሸጡ ሱቆች «ግዛ» የሚለውን ቃል ሲጠቀሙ ይህንን በግልጽ እንዲናገሩ ያስገድዳል። ያለ ኢንተርኔት ለዘለቄታው የሚሠራ ፋይል የሚሰጡ ግን ከዚህ ነፃ ናቸው። መክፈያው ገጽ ላይ ያለችውን ማሳሰቢያ ሳታነቡ አትለፏት።

ፊልም

የትልልቅ ስቱዲዮ ፊልሞችን ያለ ቁልፍ በሕጋዊ መንገድ ማግኘት ከባድ ነው። ምርጫው በዲስክና በኦንላይን ግዢ መካከል ነው። የኦንላይኑ ከአካውንታችሁ ጋር ይኖራል፣ ከአካውንታችሁ ጋር ይሞታል። አልትራቫዮሌት የተባለው የፊልም ማስቀመጫ ራሱ በሐምሌ 2019 ተዘግቷል። ጥራቱም እንደ መሣሪያው ይለያያል፤ የከፈላችሁበት ፊልም ቁልፉን በደንብ በማይደግፍ ስልክ ላይ ደብዝዞ ሊታይ ይችላል።

ዲስክም ቁልፍ አለው። ግን ታውሱታላችሁ፣ ትሸጡታላችሁ፣ ኢንተርኔት ሳይኖር ታዩታላችሁ። ዲስኩ በየትኛው የዓለም ክፍል ማጫወቻ ላይ እንደሚሠራ የሚወስነውን የክልል ኮድ ብቻ አጣሩ። ዲቪዲ ዓለምን ከ1 እስከ 6 ከፋፍሏል፣ ብሉሬይ ደግሞ በ3። በ4ኬ ዲስክ ላይ ይህ ክፍፍል የለም። ደጋግማችሁ የምታዩትን ፊልም በዲስክ ግዙ፣ አንዴ የምታዩትን ተከራዩ።

አንድ የመጨረሻ ልማድ። እንደገዛችሁ ፋይሉን አውርዱ፣ ሌላ መሣሪያ ላይ ገልብጡ፣ ኢንተርኔቱን አጥፉና ለመክፈት ሞክሩ። ይህን ገንዘብ ማስመለሻው ቀን ሳያልፍ አድርጉት። ስቲም 14 ቀን ይሰጣችኋል፣ ጌሙን ከ2 ሰዓት በታች ከተጫወታችሁ። ጎግ 30 ቀን ይሰጣል። ካልተከፈተ ገንዘባችሁን መልሳችሁ ጠይቁ።