የብስክሌት ቸርኬ ያንገላታችሁ ሁሉ እኚህን ሰው ፈልጉ

ብስክሌት ጠጋኙ ጋሼ፣ እጅዎን ቁርጥማት አይንካው! ይህን ጽሁፍ እንደማያነቡት አውቃለሁ፤ ስልክዎ ከመደወል ያለፈ ሥራ የለውም። ቢሆንም ሌላው ሰው ይስማልኝ።

ከየካ አባዶ እስከ ጣፎ ላሉ ሱቆች እንቁላል የማደርሰው በብስክሌት ነው። መሃል አዲስ አበባ በኮሪደር ልማቱ ለብስክሌት የተለየ መንገድ ተሠርቷል፤ ደስ ይበላቸው። እኛ ሰፈር ግን ኮብልስቶኑ ገሚሱ ሰምጧል፣ ገሚሱ ተነቅሏል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ጉድጓዱን ውሃ ስለሚሞላው ጥልቀቱ አይታወቅም። የኋላው ቸርኬዬ በዚህ መንገድ ተጣመመ፤ መከራዬም ከዚያ ጀመረ።

መጀመሪያ የሄድኩበት ሱቅ ሻጩ ቀና ብሎ እንኳን ሳያየኝ «ለሴት ቀለል ያለው ይበቃል» አለና የሚያብረቀርቅ ቸርኬ ሸጠልኝ። ኦሪጅናል ነው ብሎ ምሎልኛል። ቸርኬው ክረምቱን ሳያጋምስ ጎበጠ። ይዤው ስመለስ «ብዙ ጭነሽበት ነው» ብሎ አሰናበተኝ። እንቁላል እኮ ነው የጫንኩት! ሌላው ደግሞ ብረት አይሰበርም ብሎ ከባድ የብረት ቸርኬ ገጠመልኝ። እውነትም አልተሰበረም፤ ዝናብ ሲነካው ግን ፍሬኑ አልይዝ እያለ ቁልቁለት ላይ ጭነት ከያዘች አህያ ጋር ለጥቂት ተራረፍን። አህያዋ ከእኔ ይልቅ ተረጋግታ ነበር።

ወደ ጋሼ የላከችኝ አንዲት ደንበኛዬ ናት። እሳቸው ብስክሌቱን ከማየታቸው በፊት «ምን ትጭኛለሽ? በየት በየት ትሄጃለሽ?» ብለው ጠየቁኝ። ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ከዚያ ከአንድ ቆርቆሮ ውስጥ በመጋዝ የተቆረጡ ሁለት የቸርኬ ቁራጮች አውጥተው እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። ከውጭ ሲታዩ መንታ ናቸው። የተቆረጠው ጎናቸው ሲታይ ግን አንዱ እንደ ጎድጓዳ ሳህን አንድ ንጣፍ ብቻ ነው፤ ሌላው በሁለት ንጣፍ መካከል ክፍት ቦታ አለው። «ስትገዢ ነፋስ በሚሞላበት ቀዳዳ ወደ ውስጥ ተመልከቺ፤ ድርቡ ይታይሻል። ቸርኬውን ከመሃሉ ጋር የሚያያይዙት ሽቦዎች የሚገቡበትንም ቀዳዳ ቁጠሪ፤ ለጭነት 36 ይሻልሻል» አሉኝ። የአሉሚኒየሙን ድርብ መረጡልኝ፤ በዝናብም ፍሬን ከብረቱ የተሻለ ይይዛል። ሽቦዎቹን እንዴት እንደወጠሩ አትጠይቁኝ፤ አንዷን ጠበቅ፣ ሌላዋን ላላ እያደረጉ ቆዩ፤ ምኑም አልገባኝም።

የማልረሳው ግን ይህን ነው። እኔ ለሁለቱም ጎማ የሚሆን ቸርኬ ልገዛ ገንዘቤን ይዤ ሄጃለሁ። እሳቸው ግን «ጭነቱ ያለው ኋላ ነው፤ የፊቱ ደህና ነው ልጄ፣ ገንዘብሽን አስቀምጪ» ብለው የፊቱን አቅንተው ብቻ መለሱልኝ። በተረፈው ብር ወፈር ያለ የኋላ ጎማ እንድገዛ መከሩኝ፤ ነፋሱ ሲጎድል ድንጋዩ በቀጥታ ቸርኬውን ስለሚመታው ጎማውን ጠዋት ጠዋት በእጄ ጫን እያልኩ እንዳየው አስጠነቀቁኝ። አዲስ የተወጠረ ሽቦ ትንሽ ከተነዳ በኋላ ስለሚላላ ተመልሼ እንድመጣ ነገሩኝ። ስመለስ አጠበቁልኝ፤ ሂሳብ ስል ተቆጡ!

ያደጉት ባህር ዳር ነው። እዚያ ሴት ብስክሌት ስትነዳ ዞሮ የሚያይ የለም ይላሉ። እናቴ «ሰው ምን ይላል» እያለች ስንት ጊዜ ልታስተወኝ እንደሞከረች ስነግራቸው ሳቁና «እንቁላሉን ሲበላ ምን ይላል?» አሉኝ። እናቴም ይህን ሰምታ ስቃለች፤ እስካሁን ግን አላመነችም።

እባካችሁ ቸርኬ ከመግዛታችሁ በፊት እሳቸውን አማክሩ፤ ደግሜ እላለሁ፣ ከመግዛታችሁ በፊት! ከየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ወደ ጣፎ ሲወጣ አስፋልቱ ዳር ሰማያዊ ሸራ ወጥረው ይሠራሉ። ጠዋት ብትሄዱ ወረፋ አይበዛም። እሁድ አይገኙም፤ በወሩ በ12ም ሚካኤል ስለሆነ ቤተ ክርስቲያን ናቸው።