«ፉል ነው» የሚባሉ ፒክአፖች፦ ድሬዳዋና ሐረር ያላችሁ ገዢዎች ተጠንቀቁ

ድሬዳዋ ወይም ሐረር ሆናችሁ ደብል ጋቢና ፒክአፕ የምታፈላልጉ ሁሉ፣ ቀብድ ከማውጣታችሁ በፊት ይህን አንብቡ። በአካባቢያችን ገበያ ከፋብሪካ በተራ ደረጃ የወጡ ፒክአፖች የቆዳ ወንበር ተሰፍቶላቸው፣ ሰፊ ስክሪን ተገጥሞላቸው፣ የኋላ በራቸው ላይ የሚያብረቀርቅ ጽሑፍ ተለጥፎላቸው በከፍተኛ ደረጃው ዋጋ እየተሸጡ ነው። ደላላው «ፉል ነው» ይላል፣ ምንም አልጎደለውም ለማለት፤ ፉል ያደረገው ግን ፋብሪካው ሳይሆን የወንበር ልብስ ሰፊው ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም፤ አሁን ግን ብሷል። መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከከለከለ ወዲህ የገዢው ዓይን ያረፈው አገር ውስጥ ባሉት ያገለገሉ መኪኖች ላይ ነው። ፈላጊ ሲበዛ ሻጭ ይኮራል፣ ገዢ ይጣደፋል። «ሌላ ሰው ቀብድ ሊከፍል ከሰዓት ይመጣል» የሚለው ማስፈራሪያ የሚሠራውም ለዚህ ነው። ያ ሌላ ሰው ከሰዓት ሲመጣ ግን አይቼ አላውቅም።

ያየሁትን ልንገራችሁ። አንድ የሰፈራችን ሰው ጨርቃ ጨርቅ ይነግዳል፤ ከድሬዳዋ ጅጅጋ ይመላለሳል። ወገቡን ስለሚያመው ከምንም በላይ የፈለገው ምቾት ነበር። ሁለት መኪና ቀረበለት፦ አንዱ የጨርቅ ወንበር ያለው የ2020 (የመኪና ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ ነው) አይሱዙ ዲማክስ፣ ሌላው ውስጡ ቡናማ ቆዳ የለበሰ ቶዮታ ሃይሉክስ ሬቮ። «አቦ ጋሼ፣ ይሄ እኮ ሳሎን ነው! ሳሎንዎ ተቀምጠው ነው ጅጅጋ የሚደርሱት» አለው ደላላው። ሬቮው ከዲማክሱ በግማሽ ሚሊዮን ብር ይበልጥ ነበር። ሳሎኑን ገዛ። ለዓመታት የድርጅት መኪኖች ቁጥጥር ላይ መሥራቴን ስለሚያውቅ «እስኪ እየው» ብሎ የጠራኝ ገንዘቡ ከእጁ ከወጣ በኋላ ነው።

የኋላ በሩ ላይ «2.8» የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። ትንሽ ወደ ቀኝ ያዘነበለ ሲሆን ከሥሩ የቀድሞው ጽሑፍ ሙጫ ቅርጹን ትቶ ይታያል። ሊብሬውን (የመኪናውን የባለቤትነት ደብተር) አምጣ አልኩት፤ የሞተሩ ይዘት 2393 ሲሲ ይላል። 2393 ሲሲ ማለት ባለ 2.4 ሊትሩ ሞተር ነው፤ 2.8ቱ 2755 ሲሲ ነው። ሞተር ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰሌዳም ያንኑ መሰከረ፤ የ2.4ቱ የሞተር መለያ በ2ጂዲ ይጀምራል፣ የ2.8ቱ በ1ጂዲ። ሰውየው ሊብሬውን በእጁ ይዞ ነበር የከፈለው፤ ደላላው ግን እንዲያነብ ፋታ አልሰጠውም።

የሾፌሩን ወንበር ጠርዝ ገለጥ ሳደርገው ከቡናማው ቆዳ ሥር የፋብሪካው ግራጫ ጨርቅ ከነአቧራው ተኝቷል። ይህስ ለዓይን ነው። ያስደነገጠኝ የወንበሩ ጎን ነው። ጎኑ ላይ ኤርባግ ያለው ወንበር በስፌቱ መሐል «ኤስአርኤስ ኤርባግ» የሚል ትንሽ መለያ አለው፤ አደጋ ሲደርስ ኤርባጉ የሚወጣው ያንን ስፌት ቀዶ ነው። ሰፊው ወፍራም ቆዳ ደርቦ በጠንካራ ክር ድፍን አድርጎታል። ቁልፍ ሲከፈት ደግሞ የኤርባጉ መብራት ጭራሽ አልበራም። ጤነኛ መኪና ላይ ይህ መብራት ለጥቂት ሰከንድ በርቶ ይጠፋል። በርቶ ካልጠፋ ብልሽት አለ፤ ከናካቴው ካልበራ ደግሞ ብልሽቱን የደበቀ እጅ ሊኖር ይችላል። ይህን ለማየት መካኒክ አያስፈልግም፣ ዓይን ይበቃል።

መሪው ላይ የስልክና የሬዲዮ ቁልፎች ነበሩ፤ አዲሱ ስክሪን ከተገጠመ ወዲህ ግን አንዳቸውም አይታዘዙም። ክሩዝ ኮንትሮል መኖር በነበረበት ቦታ ጥቁር ፕላስቲክ ተደፍኖበታል።

ምቾት ከቆዳ ይመጣል ብሎ የሚያምን ገዢ ለደላላ ሲሳይ ነው። በግንቦት ፀሐይ ከዚራ ላይ ጥላ አጥቶ በቆመ መኪና ውስጥ የቆዳ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው እንኳን ምቾት፣ ቆዳው የማን እንደሆነም ይጠፋበታል። ፒክአፕ ሸክም እንዲችል የተሠራ መኪና ነው። ከኋላ በአብዛኛው በባሌስትራ (በተደራረበ ዝርግ ብረት) ላይ ይቆማል፤ ባሌስትራው አንድ ቶን ገደማ እንዲሸከም ስለተደረደረ ባዶውን ይዘላል፣ ጭነት ሲያገኝ ይረጋጋል። ሃይሉክስም ዲማክስም ሚትሱቢሺ ኤል200ም እንዲሁ ናቸው። ኒሳን ናቫራ በ2014 በወጣው ትውልዱ ደብል ጋቢናውን በብዙ አገሮች ከኋላ በጥቅል ሞላ ላይ አቁሞታል፤ ባዶውን ወይም ሰው ብቻ ጭኖ ለሚነዳ ለስለስ ይላል፣ ከባድ ጭነት ሲደራረብበት ግን ኋላው ይሰምጣል። ስለዚህ «የትኛው ይመቻል» ከማለታችሁ በፊት ምን እንደምትጭኑ ለራሳችሁ ንገሩት።

ሃይሉክስ ደግሞ ስሙ አንድ ይሁን እንጂ መኪናው አንድ አይደለም። ከ2004 እስከ 2015 የተሠራው ቪጎ ነው፤ እሱን የተካው ሬቮ። ሬቮ በ2020 ሲታደስ ባለ 2.8 ሊትሩ ሞተር ከ177 ወደ 204 የፈረስ ጉልበት ከፍ ብሏል፤ ባሌስትራውና ሾክ አብዞርበሩም እንዲለሰልስ ተስተካክሏል። የዲማክስም ከ2019 ወዲህ ያለው ትውልድ ከቀዳሚው በጣም ይለያል፤ ባለ 3.0 ሊትሩ 190 የፈረስ ጉልበት አለው፣ ጋቢናውም ጸጥ ያለ ነው። እንግዲህ ጎረቤቴ ቆዳ የለበሰ የ2016 ሬቮ ወስዶ፣ ለወገቡ የሚሻለውን የ2020 ዲማክስ የጨርቅ ወንበሩን አይቶ ናቀው ማለት ነው። በእኔ ዕይታ የዋጋ ጭማሪ መከፈል ከነበረበትም ለዲማክሱ ነበር። ሃይሉክስ በመለዋወጫና መልሶ በመሸጥ ዋጋ ወደር የለውም፤ ይህ እውነት ነው። ግን ያ እውነት የተለጠፈ ጽሑፍን አይጨምርም።

ዓመተ ምሕረት ላይም ንቁ። «2016 ሞዴል» ሲሏችሁ በየትኛው አቆጣጠር ብላችሁ ጠይቁ። በፈረንጆቹ 2016 የተሠራውን በእኛ 2016 እንደተሠራ አስመስሎ የሚያወራ አይጠፋም፤ እንዲህ ሲሆን ሰባት ስምንት ዓመት ከኪሳችሁ ይወጣል። የመቀመጫ ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ሳቡት፤ ሥሩ ላይ የተሰፋው መለያ ብዙ ጊዜ የተመረተበትን ዓመት ይናገራል። የጭቃ መሥመር ካያችሁበት ደግሞ መኪናው ጎርፍ ቀምሷል። የቻሲስ ቁጥሩን ለአንድ የታወቀ መለዋወጫ ሻጭ ስጡት፤ ካታሎጉ ውስጥ ሲያስገባው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረውን ሞተር፣ ካምቢዮና ደረጃ ያወጣላችኋል።

ሙከራውን ደላላው በመረጠው ሰዓትና መንገድ አታድርጉ። እሱ የሚመርጠው ጠዋት፣ ፀሐይ ሳይከር፣ ሳቢያን ያለውን ለጥ ያለ አስፋልት ነው። እናንተ በስድስት ሰዓት ሂዱ። መኪናው ፀሐይ ላይ ይቁም፤ ከዚያ ኤሲውን ከፍታችሁ በቀፊራ ግርግር መሐል እያዘገማችሁ ንዱት። ደካማ ኤሲ የሚጋለጠው መኪናው ሲሮጥ አይደለም፤ ሲቆምና ሲያዘግም ነው። ጋዝ የሚያፈስ ኤሲ ለሽያጩ ሰሞን ተሞልቶ ለጥቂት ሳምንት ሊያቀዘቅዝ ስለሚችል ቧንቧው መጋጠሚያ ላይ የዘይት እርጥበት ካለ እዩ። የኋላ መቀመጫ ላይም ቁጭ በሉ፤ ቤተሰባችሁ የሚቀመጠው እዚያ ነው፣ ደላላ ግን ማንንም ወደ ኋላ አይጋብዝም።

ቀጥሎ ደንገጎ። ከድሬዳዋ 1,200 ሜትር ከፍታ ተነስቶ ወደ 2,000 ሜትር ገደማ የሚያወጣ ጠመዝማዛ ዳገት ደጃችን እያለ መኪናን በሜዳ መሞከር ምን ይሉታል? አምስት ሰው ጭናችሁ ኤሲውን ሳታጠፉ ውጡት። የሙቀት መለኪያው ከቦታው ንቅንቅ ካለ፣ ካምቢዮው ማርሽ መርጦ መቆየት አቅቶት ከላይ ከታች ካለ፣ ጥቁር ወይም ሰማያዊ ጭስ ከተከተላችሁ ተመለሱ። ስትወርዱ ፍሬኑ መሪውን የሚያንቀጠቅጥ ከሆነ ዲስኩ ተጣሟል። የፊትና የኋላ ጎማዎች አብረው እንዲጎትቱ የሚያደርገውን ማርሽ ለመሞከር ደግሞ የደቻቱ ወንዝ ደረቅ አሸዋ አለላችሁ፤ በአስፋልት ላይ አስገብቶ መጠምዘዝ ጥርሱን ይጎዳል። ይህን የምለው በበጋ ነው። የ1998 ዓ.ም.ን የክረምት ጎርፍ የሚያስታውስ ድሬዳዋዊ ደመና እያየ ደቻቱ ውስጥ መኪና አያቆምም።

«ምቾት ከፈለጉ የአሜሪካውን ይውሰዱ» የሚለው ሌላው ወጥመድ ነው። አልፎ አልፎ ፎርድ ኤፍ-250፣ ራም 2500 ወይም ሼቭሮሌት ሲልቨራዶ 2500 ለሽያጭ ብቅ ይላል። አልዋሽም፣ ውስጣቸው ያስቀናል። ለምቾት ብቻ ከሦስቱ ምረጥ ብባል ራምን እመርጣለሁ፤ ከ2014 ሞዴል ጀምሮ 2500ው ከኋላ በሞላ ላይ ስለሚቆም ባዶውን እንደ ሌሎቹ አያነጥርም። የፎርዱና የሼቭሮሌቱ ባሌስትራ ከባድ ተሳቢ ለመጎተት የታሰበ ነው። ግን የት ነው የምንነዳው? ደብል ጋቢናቸው ከ6 ሜትር ያልፋል፤ ስፋታቸው መስታወቱን ሳይጨምር 2 ሜትር ገደማ ነው። መጋላ ውስጥ ማዞሪያ የላችሁም፤ የሐረር ጀጎልንማ አታንሱት። ከ2013 ወዲህ የተሠሩት የናፍጣ ሞተሮቻቸው የጭስ ማጣሪያና የዩሪያ ፈሳሽ ይፈልጋሉ፤ የተሠሩትም የሰልፈር መጠኑ ከ15 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 15 እጅ) ለማይበልጥ ናፍጣ ነው። ዩሪያው ሲያልቅ ኮምፒውተሩ መጀመሪያ ያስጠነቅቃል፣ ዝም ካላችሁት ፍጥነቱን ይገድብባችኋል። «ያ ሁሉ ተነቅሏል፣ አያሳስብዎት» ከተባላችሁ ደግሞ ማጣሪያው ተቆርጦ ኮምፒውተሩ ተነካክቷል ማለት ነው፤ ሲበላሽ ማን እንደሚያነበው አስቀድማችሁ ጠይቁ።

በጅጅጋ በኩል የመጡ ናቸው የሚባሉትን መሪያቸውን አጣሩ። በሶማሌላንድ መኪናው በቀኝ መሥመር ይነዳል፤ አብዛኞቹ መኪኖች ግን መሪያቸው በቀኝ ነው። መሪው ወደ ግራ የተዛወረ ፒክአፕ ምሽት ላይ ግድግዳ ፊት አቁማችሁ አጭር መብራቱን አብሩት። ለእኛ መንገድ የተሠራ መብራት ወደ ቀኝ ከፍ ይላል፤ ወደ ግራ ከፍ ካለ ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ዓይን የሚያሳውር ነው፣ መሪውም ከተወለደበት ቦታ ተነስቷል።

ከሁሉ የከፋው ግን የወረቀቱ ነገር ነው። ከቀረጥ ነጻ የገባ ፒክአፕ ቀረጡ ሳይከፈል ለሦስተኛ ወገን አይተላለፍም። ሻጩ «ስሙን በኋላ እናዞራለን፣ ለጊዜው ውክልና ልስጥዎት» ካለ የጉምሩኩን ዲክላራሲዮን (መኪናው ሲገባ የተሞላውን የቀረጥ ሰነድ) አሳየኝ በሉት፤ መኪናው የባንክ ዋስትና ወይም የፍርድ ቤት እግድ እንዳለበትም ሊብሬው ያለበት የትራንስፖርት ቢሮ ሄዳችሁ ራሳችሁ አረጋግጡ። በውክልና የተያዘ መኪና በሌላው ሰው ስም እንዳለ ነው፤ ሰውየው ውክልናውን ሊሽር ይችላል፣ ቢሞትም ወራሽ ይመጣባችኋል።

መኪናውን ከወደዳችሁት የሽያጭ ውሉ ላይ «ፉል» የሚል ቃል አይግባ። የቻሲስና የሞተር ቁጥሩ፣ የሞተሩ ይዘት በሲሲ፣ የተመረተበት ዓመት በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ፣ የኤርባጎቹ ብዛት፣ ቀረጥ የተከፈለበት መሆኑ አንድ በአንድ ይጻፍ፤ ሻጩ ራሱ ይፈርም፣ ደላላውም በምስክርነት ይፈርም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለተደበቀ ጉድለት ተጠያቂ የሚሆንበትን መንገድ ይዟል፤ ነገር ግን ጉድለቱን እንዳያችሁ ሳትዘገዩ ለሻጩ ማሳወቅ አለባችሁ፣ በጽሑፍ ቢሆን ይመረጣል። ጎረቤቴ ውሉ ላይ ያለው «ባለበት ሁኔታ አይቼ ተረክቤያለሁ» የሚል አንድ መሥመር ብቻ ስለሆነ አሁን ጠበቃ እያማከረ ነው። ያንን መሥመር ካያችሁ ከላይ የዘረዘርኩት ሁሉ ከተጻፈ በኋላ ካልሆነ በቀር አትፈርሙበት፤ ቀብዱም ከፊርማው በፊት አይውጣ።