ለደሴው የጨጓራና የአንጀት ሐኪማችን፦ ምስጋናና ጥቆማ

ደሴ ውስጥ በመድኃኒት ቤት የምንሠራ ባለሙያዎች ነን። ዛሬ የምናመሰግነው ማዘዣቸው በየጊዜው እጃችን የሚገባውን አንድ የጨጓራና አንጀት ስፔሻሊስት ሐኪም ነው። እኚህ ሰው የጨጓራ ባክቴሪያ (ኤች ፓይሎሪ) መኖሩን ሳያረጋግጡ አያክሙም፤ መጥፋቱን ሳያረጋግጡም «ድነሃል» አይሉም።

ለ«ጨጓራ ባክቴሪያ» በብዛት የሚሠራው የደም ምርመራ የሚያሳየው ሰውነት ያመረተውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። ይህ ደግሞ ባክቴሪያው ከጠፋም በኋላ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት በደም ውስጥ ይቆያል። የዳነ ሰው እንደገና «ፖዘቲቭ» ተብሎ ያንኑ መድኃኒት ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ የሚውጠው በዚህ ምክንያት ነው። ዶክተር የሚያዙት የሰገራ አንቲጅን ምርመራ፣ ማለትም የባክቴሪያውን ቁራጭ ራሱን በሰገራ ውስጥ የሚፈልገውን ነው። እሱም ቢሆን የጨጓራ አሲድን የሚቀንሰው ኦሜፕራዞል እየተወሰደ ከተሠራ ያለውን ባክቴሪያ የለም ሊል ይችላል። ስለዚህ ኦሜፕራዞልን 2 ሳምንት፣ አንቲባዮቲክን 4 ሳምንት አስቀድመው ያስቆማሉ።

የ14 ቀኑ የሦስት መድኃኒት ማዘዣ ሲመጣ እኛ የምንቆጥረው ኦሜፕራዞል 20 ሚሊ ግራም 28 ፍሬ፣ አሞክሲሲሊን 500 ሚሊ ግራም 56 ፍሬ፣ ክላሪትሮማይሲን 500 ሚሊ ግራም 28 ፍሬ ነው። ጠዋት 4፣ ማታ 4፤ ድምሩ 112። ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። በአምስተኛው ቀን ቃሩ ሲተወው ያቆማል፣ ወይም ገንዘብ አጥሮት ግማሹን ይገዛል። የተረፈው ባክቴሪያ መድኃኒቱን ይላመዳል፤ ያው መድኃኒት ዳግም ሲታዘዝ አይሠራም። ክላሪትሮማይሲን አፍን መራራ ማድረጉን ዶክተር ቀድመው ስለሚነግሩ፣ የሳቸው ታካሚ በዚህ ደንግጦ አያቋርጥም።

በጣም የምንወድላቸው የረመዳኑን ነው። ታካሚው መጾም የሚችል ከሆነ ሰዓቱን ራሳቸው ይጽፉለታል፦ ኦሜፕራዞሉን በውሃ አፍጥሮ፣ መግሪብ ሰግዶ፣ ከ30 ደቂቃ በኋላ ምግቡንና ሁለቱን አንቲባዮቲኮች (አሞክሲሲሊንና ክላሪትሮማይሲን)፤ ሌሊትም ከሱሑር 30 ደቂቃ ቀድሞ እንደዚያው። ወሎ ላይ የሚያክም ሰው እንዲህ ማሰብ አለበት።

ኢንዶስኮፒ (ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በአፍ አስገብቶ ጨጓራን ማየት) ለመጣ ሁሉ አያዙም። እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ፣ ደም ማስታወክ፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ ምግብ ሲዋጥ መያዝ ካለ ግን አያቆዩም። (የደም ማነስ የብረት እንክብልም ሰገራ ያጠቁራል፤ የሚወስድ ሰው ይንገራቸው።) ለምርመራው ቢያንስ 8 ሰዓት ከምግብ መቆጠብ ያስፈልጋል። ከከሚሴም ሆነ ከሐይቅ የሚመጣ ሰው መንገድ ላይ ቡና በወተት ከጠጣ ቀጠሮው ይሰረዝበታል። የሚያደነዝዝ መርፌ ስለሚኖር አስታማሚ ይዞ መምጣት ግድ ነው።

ሕክምናው ካለቀ ከ4 ሳምንት በኋላ የሰገራ ምርመራው ይደገማል። ብዙ ሰው የሚተወው ይህንን ነው፤ እሳቸው ግን ቀኑን ማዘዣው ጀርባ ላይ ጽፈው ይሰጣሉ።

ዶክተር፣ አላህም እግዜርም ይስጥልን። አድራሻቸውን ለሚፈልግ በውስጥ መስመር እንነግራለን። ሲሄዱ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ከነማሸጊያው ይያዙ፤ በተለይ ለወገብና ለጉልበት የሚዋጡትን ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን፣ ጨጓራን የሚያቆስሉ ናቸውና መጀመሪያ የሚጠይቁት ስለ እነሱ ነው።